የእማዬ ማንዶሊን ምን ነካው

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን ይዞሽ የነበረው ሕመም ለቀቀሽ? ባለቤትሽስ ወደ ቀን ፈረቃ ተዛወረ ወይስ አሁንም ፀሐይ ላይ መጋረጃ ዘግቶ ነው የሚተኛው? የልጅሽ የወለቀው ጥርስ በቀለ? አማትሽስ እንዴት ናቸው? እኛ አለን። ደህና ነን ብዬ እንዳልዘጋው ግን ብዕሩ እሺ አላለኝም። ይህን ልጽፍ ቁጭ ካልኩ ወዲህ ደጋግሜ ተነስቻለሁ፤ መስኮት ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ የማይፈስ ቧንቧ ሳይቀር አጥብቄያለሁ።

ለእማዬ አዲስ ማንዶሊን ልትልኪላት ማሰብሽን በስልክ ስትነግሪኝ ዝም ያልኩት ደስ ሳይለኝ ቀርቶ አይደለም። እማዬ አጠገቤ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ነበር። ቤታችን ደግሞ የእሷ ጆሮ የማይደርስበት ጥግ እንደሌለው ታውቂያለሽ። እባክሽ አትላኪ። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ።

ነገሩ የመጣው በድንገት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ማንዶሊን የምታስተምራት አንዲት የፋርማሲ ሠራተኛ የዕለቱን ትምህርት ጨርሳ እንደወጣች፣ እማዬ እሑድ እሑድ ለልጅሽ በስልክ የምትጫወትላትን ዜማ ስትጀምር ከቀጭኖቹ ክሮች ዝዝ የሚል ድምፅ ወጣ። ደግማ ስትመታው ታፈነ፤ እንደገና ስትሞክረው ከቅኝቱ ወረደ። ማንዶሊኑን ከጭኗ አንስታ እንደሰደባት ሰው አየችው።

የተበላሸን ነገር አንድ በአንድ እየለዩ መፈተሽ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነውና ሐኪሙ እኔ ሆንኩ። መጀመሪያ የግድግዳው ፎቶ መስታወት አብሮ እየተንቀጠቀጠ ይሆናል ብዬ አወረድኩት። ኩሽና ወስጄ አስመታኋት፤ ዝዝታው ተከትሎን መጣ። ጥንድ ጥንድ ሆነው የተወጠሩትን ክሮች በሙሉ በአዲስ ቀየርኩ፤ የመቃኛዎቹን ብሎኖች አጠበቅኩ። ክሮቹን ከሥር የሚሸከማቸው እንጨት በማጣበቂያ ስላልተያዘ ሊንሸራተት ይችላል ብዬ እሱንም ለካሁ፤ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ያስተዋልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክሩ በጣት ሳይነካ ሲመታ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የሚያጉረመርመው ሲጫን ነው። እንግዲያው አንገቱ ላይ ያሉት ብረቶች ተበልተዋል ብዬ ፈረድኩ።

ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ ወሰድኩት። ድምፁ ከማነሱ የተነሳ ሰፈርተኛው ሹክሹክታ የሚለውን ሰውዬ መቼም አትረሺውም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የማንዶሊኑን አንገት አነጣጥሮ አየ፤ ሣጥኑን አንኳኳ፤ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ተጫወተበት። አንድም ዝዝታ የለም። "ዕቃው ጤነኛ ነው። ማን ነው የሚጫወትበት?" አለኝ። እናቴ ናት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና በጨርቁ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ለእማዬ ስነግራት "እሱ ድሮም ጆሮ የለውም" ብላ ተቆጣች። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት አልሆነም። ወንበር ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፤ ማንዶሊኑን ትሰቅላለች፣ ታወርዳለች። እሷ ስትንጎራደድ እኔም አብሬ እንጎራደዳለሁ። ለአንቺ "ክር ተበጥሶብኝ ነው" ስትልሽ፣ የእሑዱንም ጨዋታ ስታስቀር የከረመችው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ተማሪዋ መጣች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሶኬት እቀይር ነበር። እማዬ "የራስሽን አስቀምጪና በኔው ሞክሪ፤ ሕመሙን ትሰሚዋለሽ" አለቻት። ሴትየዋ ያንኑ ዜማ ጀመረች። እትዬ፣ እንደ ውኃ ወረደ። ካቻቢቴዬን እንደያዝኩ ወደ በሩ ተጠጋሁ። ተማሪዋ "ምንም የለውም'ኮ" ብላ ፈገግ አለች፤ የእማዬን ፊት ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። እማዬ ግራ እጇን ጭኗ ላይ ዘርግታ ትንሿን ጣቷንና አጠገቧ ያለችውን ልታጥፍ ትሞክራለች፤ ጣቶቹ እሺ አይሏትም። "ደንዝዘዋል" አለች፣ ለማናችንም ሳይሆን ለራሷ። "እጄ ነው እንዴ?"

ሐኪም ቤት ያስቀጠረችን ያቺው ተማሪዋ ናት። በክርኗ በኩል የሚያልፈው ነርቭ ታፍኖ ተይዟል አሉን። የወሩ መጨረሻ ሐሙስ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይለቁታል። ጣቶቿ ይመለሱ እንደሆነ ስጠይቅ ሐኪሟ አልሸነገለችኝም፤ ድንዛዜው ሊለቃት ይችላል፣ ስለ ጉልበቱ ግን ቃል አልገባም፣ ወራት ይፈልጋል አለችኝ። እማዬ ለአንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብላ ነው። መሐላዬን በላሁ። ያን ቀን በቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ብቻዬን መንከራተቱ ከበደኝ። ነይ አልልሽም፤ ስልክሽን ብቻ ከአጠገብሽ አታርቂው።

ትናንት ደግሞ ከሥራ ስገባ ማንዶሊኑን ታቅፋ ጠበቀችኝ። "ና፣ ጣትህን አውሰኝ" አለች። አንድ ወንበር ላይ ተጣበን ተቀመጥን፤ እኔ በግራ እጄ ክሩን እጫናለሁ፣ እሷ በቀኟ ትመታለች። "እዚያ አይደለም፣ ከፍ በል። ተጫነው እንጂ አታሻሸው። ይሄ ጣት ከሽቦ ሌላ አያውቅም መሰለኝ" ትለኛለች። ከእኔ ጣት ሥር የወጣው ዝዝታ ከእሷ የባሰ ሆነ። ቆም አለችና "አሁን ገና ተበላሸ" ብላ ሳቀች፤ ስቃ ስቃ እንባዋ መጣ። እንባዋን በመዳፏ ጠረገችና "እንደገና" አለችኝ። የጣቴ ጫፍ እስኪላጥ "እንደገና" እንዳለችኝ መሸ።

ባለቤትሽን አይዞህ፣ የሌሊት ሥራም ያልፋል በዪልኝ። የልጅሽን ሁለት ጉንጮች ሳሚልኝ። ለአማትሽ በአክብሮት እጅ ነስቻለሁ። ተማሪዋ ሳታውቂያት ሰላም ብላሻለች። እማዬ ሰላምታ አልላከችም፤ ይህ ደብዳቤ መጻፉን አታውቅም።

ታናሽ ወንድምሽ

ከእናታችን ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን