ከልብስ ጋር የወለቀ ማዕረግ
የዶክተር ይግዛው ደምመላሽ የሕይወት ታሪክ (1946 – 2018 ዓ.ም.)

ዶክተር ይግዛው ደምመላሽ ከአባታቸው ከአቶ ደምመላሽ ወርዶፋ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰፋሽ ገብሬ ነሐሴ 12 ቀን 1946 ዓ.ም. በወሊሶ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የፍል ውሃው መታጠቢያ ጠባቂ ነበሩ። የባላባቱን ካባና የተሸካሚውን ነጠላ ጎን ለጎን የሚሰቅሉት እሳቸው ነበሩ። «ውሃ ከገቡ በኋላ ማን ማን እንደሆነ የማውቀው በሳላቸው ነው» ይሉ እንደነበር ዶክተር ይግዛው እስከ መጨረሻው ድረስ እየሳቁ ያወሱ ነበር።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ጨርሰው በ1964 ዓ.ም. የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ታሪክም አጠኑ። በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ከዘመቱ በኋላ፣ በ1969 ዓ.ም. የትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ ስቶክሆልም መጡ። ለሦስት ዓመት ብለው የመጡት ሰው አርባ ዘጠኝ ዓመት ቆዩ። እናታቸውን ቀብረው አልሸኙም።

እየተማሩ በስቶክሆልም ዳር ባለችው በሁዲንጌ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ይሠሩ ነበር። ሥራቸው አረጋውያንን ማጠብና ማልበስ ነበር። በዚያ የሰማንያ ዓመት ጡረተኛ መምህርት ከነበሩት ከወይዘሮ ሲግሪድ ጋር ተዋወቁ። ወይዘሮ ሲግሪድ በወጣትነታቸው፣ ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው በፀሐይና በባሕር አጠገብ በጋውን የሚያሳልፉበት ሰፈር አባል ነበሩ። እዚያ መጠጥም ሆነ ትምባሆ ክልክል ነበር፤ ሥጋም አይበላም። ዶክተር ይግዛው ይህን ሲሰሙ «ይህማ የእኛ ጾም ነው!» አሉ። ዳቦ ጋጋሪውና የቆንስሉ ሚስት ከአንድ ገንዳ ድንች ይልጡ ነበር፤ ማዕረግ ከልብስ ጋር በር ላይ ይቀራልና። ወይዘሮ ሲግሪድ አንድ በጋ ወደዚያ ሰፈር ሲወስዷቸው፣ ዶክተር ይግዛው ከረባታቸውን አስረው ሄዱ። አሮጊቷ ሳቁና «ኮትዎን እንደለበሱ ይቆዩ፤ ማንም አይገደድም። የመጀመሪያው ደንባችን ይኸው ነው» አሏቸው።

የዕድሜ ልክ ሥራቸው ከዚያ ቀን ተወለደ። ያጠኑት የናቱሪዝምን ጠንሳሾች ታሪክ ነው፤ ሰው ራቁቱን በፀሐይ፣ በአየርና በውሃ መካከል ቀለል ያለ ኑሮ መኖር አለበት ብለው የተነሡትን ሐኪሞች፣ መምህራንና ሠዓሊዎች። የፋብሪካ ጭስና የሳንባ ነቀርሳ ከተማውን በሞላበት ዘመን እነዚህ ሰዎች የፈለጉት ጤናን፣ እኩልነትን፣ በገላ አለማፈርን ነበር። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ሐሳቡን ወደ ዘር ትዕቢት እንዳዞሩትም ዶክተር ይግዛው ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። ከሚታወቁት ማኅበራት የመጀመሪያውን፣ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በህንድ አገር፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ እንግሊዛዊ ዳኛ መሥርቶት ነበር። አባላቱ ሦስት ብቻ ነበሩ። ያንን ምዕራፍ ሲጽፉ ልባቸውን የነካው የሰውየው ራቁትነት ሳይሆን ብቸኝነቱ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. የኬሚስትሪ መምህርት ከሆነችው ከሳሌም ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው በረከትንና ሊናን ወለዱ። በ1982 ዓ.ም. የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ሲቀበሉ፣ ለወገን የተላከውን የግብዣ ካርድ በአማርኛ የጻፈችው ባለቤታቸው ናት። የሥራቸውን ርዕስ መጻፍ አፈረች። በቦታው «የጤና አጠባበቅ ታሪክ» ብላ ጻፈችበት። እሳቸው ካርዱን አንብበው «ይሁን» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ወገን ሁሉ በሐኪምነት ያውቃቸው ጀመር። ከምዕመናኑ አንዱ አቶ ኪሩ የደም ግፊት ክኒናቸውን ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እየጠበቁ «ዶክተር፣ ይቺን እስቲ ይዩልኝ» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው የክኒኑን መመሪያ ወረቀት ይተረጉማሉ፤ በማግስቱም ቀጠሮ ይዘው በሪንከቢ ጤና ጣቢያ፣ በቮርድሴንትራሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ። «ምን ዓይነት ዶክተር ነዎት? መርፌ ሲይዙ እንኳ አይተንዎት አናውቅም!» ሲሏቸው፣ «እኔ የሞቱ ሐኪሞች ሐኪም ነኝ» ይሉ ነበር። ሁሉም ይስቃል። ባለቤታቸው ግን መሬት መሬት ታይ ነበር።

እሳቸው ራሳቸው ዓይናፋር ሰው ነበሩ። ባሕር ዳር እንኳ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት ቆልፈው ነው የሚቀመጡት። ከጠንሳሾቹ የወሰዱት ሌላ ነገር ነው። «እነሱ እኩል ለመሆን ሁሉን አንተ አሉ፤ እኔ ሁሉን እርስዎ እላለሁ» ብለው፣ የዩኒቨርሲቲውን ወለል ከሚያጸዱት ሰው ጀምሮ እስከ ገዛ ልጆቻቸው ድረስ ሰውን ሁሉ ያከብሩ ነበር። በስዊድንኛ የሚመልሱላቸው ልጆቻቸው በአማርኛ ከሚያውቋቸው የመጀመሪያ ቃላት አንዱ «እርስዎ» ነበር።

በ1998 ዓ.ም. በስዊድንኛ ያሳተሙትን መጽሐፋቸውን ራሳቸው ወደ አማርኛ መልሰው ጨረሱ። ባለቤታቸው እናቷ በሕይወት እስካሉ እንዲታገሱ ለመነቻቸው፤ ታገሱ። እናቷ ካረፉ በኋላ ልጆቹ እስኪዳሩ አለቻቸው። ልጆቹም ተዳሩ። ከዚያ በኋላ የምታቀርበው ምክንያት አልነበራትም፤ እሳቸውም ደግመው አልጠየቋትም። ጽሑፉ ለሃያ ዓመት ያህል በጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ።

ባለፈው ዓመት የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። በሐምሌ ወር አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሁዲንጌ ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳሉ፣ በረከት የሸሚዛቸውን ቁልፎች እንዲፈታላቸው ጠየቁት። በሰባ ዓመታቸው ፀሐይ ደረታቸውን አገኘው። ልጃቸው እንደ ልማዱ በስዊድንኛ አይበርድህም ወይ ሲላቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «አይበርድም። እርስዎም አንድ ቀን ይሞክሩት» አሉት።

በሶልና ሆስፒታል በተኙበት በመጨረሻው ሳምንት፣ ገላቸውን የምታጥባቸው ባለቤታቸው ነበረች። አንድ ጠዋት እጇን ይዘው፣ የሕይወት ታሪካቸውን ማን እንደሚጽፍ ጠየቋት። እኔ አለቻቸው። «እንግዲያው ሐኪም አታድርጊኝ» አሉ። በአርባ ዓመት ትዳራቸው «እርስዎ» ሳይሉ የተናገሯት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዶክተር ይግዛው ደምመላሽ ጥቅምት 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን ሳሌምን፣ ልጆቻቸውን በረከትንና ሊናን፣ የልጅ ልጃቸውን ሰሊናን፣ በቮርድሴንትራል አጠገባቸው የተቀመጡትን ወዳጆቻቸውንም ሁሉ ትተው ሄደዋል።

በእጃችሁ ባለው ወረቀት ራስ ላይ፣ ከስማቸው በላይ የተጻፈው የመጽሐፋቸው ርዕስ ነው። ርዕሱ በአማርኛ ሲታተም ይህ የመጀመሪያው ነው፤ መጽሐፉም ይከተላል። ባለቤታቸው የዘገየችበትን ይቅር ይበሏት።

ልብስም ማዕረግም ከማይጠየቅበት፣ ፀሐይም ከማይጠልቅበት ደጅ እግዚአብሔር በክብር ይቀበላቸው። አሜን።