ሐረግ ጠግቤያለሁ እያለች

አይ፣ ልጅሽን አላስራብኳትም። ማንም ቢነግርሽ እንዳታምኚ። ከአፌ ነጥዬ ነው የማጎርሳት። ይህን አስቀድመሽ ጻፊ ብያታለሁ፣ የምትጽፍልኝን የዘመቻ ተማሪ አሰጋሽን። ሰላምታው ይቀድማል እማማ ትለኛለች፤ እኔስ ሆዴ አልቻለም።

በይ እንግዲህ አበቡ ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? የተንዳሆ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? ጥጥ ለቀማው እጅሽን አላቆሰለውም? ወባውስ? ወንድምሽ ንጉሡስ ደህና ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ። መሬት ለአራሹ ተብሏል፤ በሬውም ዘሩም ስላለቀ አራሹ ከእኛው ጋር መጠለያ ተቀምጧል።

አሁን የልጅሽን ነገር ልንገርሽ። እዚህ መጠለያ ሕፃናቱን ከእኛ ለይተው አጥር ውስጥ ፋፋ የሚሉትን አጥሚት ያጠጧቸዋል፤ አሮጊት አይገባም። ሐረግ በየቀኑ ትገባለች፣ በየቀኑ እየከሳች ትወጣለች። ነርሷ ሦስቴ መዘነቻትና "እማማ፣ ለቤት የምንሰጣትን ብስኩት እርስዎ ነዎት የሚበሉባት" አለችኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ሰኞ ደሴ በሚሄደው መኪና ለሕፃናት ማሳደጊያ ትላካለች ብላ ስሟን ጻፈች። አራት ዓመቷ ነው፤ የአባቷን ስም እንኳ አስተካክላ አትጠራም። ደሴ ከገባች የማን ልጅ ናት ይሏታል?

እኔም በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ተራዋ ሲደርስ ኩባያውን በመዳፏ ከደነችና "ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አለች። የምታድለው ሴትዮም ለሚቀጥለው ልጅ አሳለፈችው። አበቡ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። ሰው ቤት ሲሰጡሽ ጠግቤያለሁ በይ፣ በዓይኔ ካልጠቀስኩሽ አትቅመሺ እያልኩ። አልታዬ ቤት ክርስትና ላይ ዳቦ ብታነሳ ጭኗን መዘለግኳት። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ሲሉልኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንቺንም እንዲሁ ነው ያሳደግኩሽ፤ ያኔ ግን እምቢ ስትይ በሞቴ ብሎ የሚያጎርስሽ ሰው ነበር። እዚህ ጠግቤያለሁ ካልሽ ያልፉሻል።

ተቀበይ፣ ጠጪ ብላትም ኩባያውን መክደኗን አልተወችም። አሰጋሽ "በቃል አይሆንም እማማ፣ ልጅ የሚይዘው ሲደረግ ያየውን ነው፤ እርስዎ ፊቷ ይጠጡ" አለችና ነርሷን ለምና አስገባችኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ተቀብዬ ጠጣሁ፣ ጣቴን ላስኩ፣ "ጨምሩልኝ" አልኩ። ከተወለድኩ ብዬው አላውቅም፤ ላቡ በጀርባዬ ወረደ። ሐረግ ያበድኩ መስሏት አፈጠጠችብኝ። የዚያን ቀን አለቀሰች። በማግስቱ ሁለት ጊዜ ጎነጨች። ትናንት ግማሹን ጠጥታ ዓይን ዓይኔን አየች፤ ጠቀስኳት፣ ጨረሰችው። እኔ በሌለሁበትስ? ደግሞ በሦስት ቀን ምን ሥጋ ታወጣለች? ዛሬ ትመዘናለች።

ከወሰዷት ጥጡን ጥለሽ ደሴ ድረሺ። ማሳደጊያው ገብተሽ፣ ይቺን ልጅ በሞቴ ካላሏት አትበላም ብለሽ ንገሪያቸው።

ንጉሡን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ውሃ አፍልቶ ይጠጣ። አብራሽ ለምታድረው ለባፈና ሰላም በያት። አልታዬም ሰላም ብላሻለች፤ እሷም እዚሁ ናት።

በላይ የሚባለው ሚዛን ያዥ ከበሩ ሆኖ እየጠራኝ ነው፣ ቆሎ እየቆረጠመ። ሐረግ ቀድማኝ ሄዳ ሥሩ ቆማለች። አሰጋሽ፣ ሰማሽ? ቆሎውን አይታ "ለእኔስ?" አለችው። ጻፊው፣ ይህንንም ጻፊው፤ ቀኑን አንቺው አስገቢበት፣ ልሂድ።

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 14 ቀን 1967 ዓ.ም.