የቦጋለ ፈረስ እስኪወጣ

መጋቢት 9

ጽሕፈት ቤት ዋልኩ። ሁለት ደብዳቤ ገለበጥኩ፣ አንዱን አበላሽቼ እንደገና ጻፍኩት። ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣ። የበልጉ ነው መሰለኝ... ስመለስ ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀርብኝ ነበር።

መርዶው ከተነገረን ሳምንት አለፈ። ቦጋለ ገናሌ ጦር ሜዳ ላይ ቀረ። ታናሽ ወንድሜ። አብሮት የዘመተ ሰው በዓይኔ አየሁ ብሏል። ይኸው ጻፍኩት። ሌላ ሰው የሞተበትን ወሬ የምገለብጥ ነው የሚመስለው።

እናቴ አላለቀሰችም። ለቅሶ ተቀመጪ ብትባል እምቢ አለች። "የልጄ ፈረስ ሳይወጣ ለቅሶ የለም" አለች፣ አበቃ። የአባቴ ለቅሶ ላይ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻው ከኮርቻው ላይ ሆኖ በለቀስተኛው መሀል ዞሯል። ለቦጋለም እንደዚያው ይሁን ነው የምትለው። ቦጋለ ግን ፈረስ መቼ ነበረው? ያለው ያ አሮጌ ሞተር ሳይክል ነው፣ እስከ ጉኑኖ መልእክት ያደርስበት የነበረው ዶቅዶቄ። "ፈረሴ" ይለው ነበር፣ ለቀልድ። እናቴ ከመጀመሪያውም እንደ ቀልድ አላየችውም።

መጋቢት 11

ዶቅዶቄውን ከጓሮ ላውጣ ብዬ ገባሁ። ንቅንቅ አላለም። የፊቱ ጎማ ይዞራል፣ የኋላው ድርቅ ብሏል። ሰንሰለቱን ፈታሁ፣ ያው ነው። የጎማው ዘንግ ዝጎ ከውስጥ ተጣብቋል።

ለምን አራት ሆነን ተሸክመን አናዞረውም? ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

"ፈረስ በእግሩ ነው የሚሄደው" አለች። "በሸክም የሚሄደው ሬሳ ነው። እሱን ደግሞ አላመጣችሁልኝም።"

ወጣሁ።

መጋቢት 13

እሑድ። እናቴ እህል አትቀምስም። ጾም ነው ትላለች። ጾም መሆኑንማ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን እኛ ማታ እንበላለን። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ያቀረበችላት እንዳለ ይመለሳል። ውሃና አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ ይኸው ነው ምግቧ። አንገቷ ቀጠነ። ጾሙን መሸፈኛ አደረገችው። ሲፈታስ ምን ልትል ነው?

መምሬ ገብረሥላሴ ከቅዳሴ በኋላ ጠሩኝ። ለቅሶው ከሆሳዕና በፊት ይሁን አሉ፤ በሕማማት ፍትሐት የለም። "እናትህ በዚህ አያያዝ እስከ ፋሲካ አትደርስም ልጄ" አሉኝ፣ ቀስ ብለው። እኔም እሺ አባቴ አልኩ። ነገሩ የገባኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

መጋቢት 14

ሻንቆ መጣ። ሚሲዮኖቹ ግቢ የመኪና ሥራ የለመደ፣ የቦጋለ ወዳጅ። ሃይማኖቱ የእነሱ ነው። ለቅሶ ላይ ፈረስ ማዞር የድሮ ነገር ነው ብለው ሽማግሌዎቻቸው ይከለክሏቸዋል። አስቀድሞ ነገረኝ፣ "ብረቷን እፈታለሁ፣ ማዞሩን አልችልም ኢሻ" ብሎ። ኢሻ በአገሬው ቋንቋ ወንድሜ ማለት ነው። እሺ አልኩ። ብረቱ ይፈታ እንጂ።

ዘንጉን በላምባ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልለን አሳደርነው።

መጋቢት 16

ትናንትም ዛሬም ዘንጉን መታን። ሻንቆ ትዕግሥት የለውም፤ በባዶ መዶሻ ደጋግሞ ሲለው የዘንጉ ጫፍ ተጨፍልቆ እንደ እንጉዳይ ተከፈተ። አሁን ቢላቀቅ እንኳ በቀዳዳው አያልፍም። ቀኑን ሙሉ በሞረድ ስንፍቀው ዋልን። ከዚያ በኋላ እንጨት ደግፈን መምታት ጀመርን፣ አንዴ እሱ አንዴ እኔ። ምንም።

እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ድምፁን ትሰማለች። ስናቆም፣ ለምን አቆማችሁ ብላ ትልካለች።

መጋቢት 18

ላምባውን ጠርገን ከሰል አስጠጋንለት። ሲሞቅ ከውስጥ ጥቁር ነገር ቀልጦ መውረድ ጀመረ። ሸተተኝ። ቅቤ። የከረመ ቅቤ! ጫፉን በጩቤ ስፍቀው ነጫጭ ፍሬ አለበት። ምላሴ ላይ አደረግኩት።

ጨው ነው።

ሻንቆም ቀመሰው። "ይቺ ዝናብ አይደለም ኢሻ" አለ። "ጨው ነው ብረቱን የበላችው።"

ጥሩወርቅን ጠየቅኳት። ታውቃለች። ቦጋለ ሲዘምት "ፈረሴን አደራ" ብሎ እናቴን ስሟት ሄዷል። እናቴ አደራ አትበላም። ኮርቻ እንዳይደርቅ በቅቤ ይታሻል፣ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየወጣች እስከ ጎማው ዘንግ ድረስ ታሸው ነበር። ጨው የጨመረችበትም "ፈረስ ጨው ይወዳል" ብላ ነው። ጥሩወርቅ ለምን እንዳልከለከለቻት ስጠይቃት፣ "ሌላ ምን ነበራት?" አለችኝ።

እናቴ ናት ያሰረችው። በአደራ። ብስቅ ይሻል ነበር፣ ብናደድም ይሻል ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ይህ ነው የሚያስፈራኝ። ሻንቆን ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት።

መጋቢት 19

አልተነቃነቀም። እናቴም አልበላችም።

መጋቢት 21

ወጣ። ከሰል፣ እንጨት፣ መዶሻ... እንደ ትናንቱ ሁሉ ስንመታ ቆይተን በድንገት ሲጥ አለና የአውራ ጣት ያህል ገፋ። ከዚያ ወዲያ በእጅ ነበር የሚሳበው። ሻንቆ መሬት ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። እኔ ዘንጉን ይዤ ቆምኩ። ትኩስ ነበር፣ መዳፌን ማቃጠሉን ያየሁት በኋላ ነው።

ጠረግነው፣ ፋቅነው፣ ሻንቆ ከግቢያቸው ባመጣው ዘይት አርሰን መለስነው። ጎማው ዞረ። መምሬ ገብረሥላሴ ጋ ሰው ላክሁ።

መጋቢት 24

ለቅሶው ዛሬ ሆነ።

የቦጋለን ካፖርት መቀመጫው ላይ አደረግን። እኔ በግራ ያዝኩ። በቀኝ የሚይዝ ሰው ስፈልግ ሻንቆ መጥቶ ያዘ።

ከጓሮ ስናወጣው እናቴ በሴቶቹ ተደግፋ በር ላይ ቆማለች። ጎማውን አየች። ይህን ሁሉ ቀን ምን ይዞት ነው አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ሻንቆ መሬት መሬት አየ። አፌ ቀደመኝ።

"ቦጋለ ነው እማዬ። ሲሄድ አጥብቆ አስሮት ነው። ሌላ ሰው እንዳይነዳው።"

ሳቀች። እውነት ሳቀች፣ ድዷ እስኪታይ። "ያ ስስታም" አለች። "ያ ስስታም ልጄ..." ሁለተኛውን ሳትጨርሰው ጮኸች። አገሩ ሁሉ አብሯት ጮኸ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሙሾ አወጣች፦

አስሮት ሄደ አሉኝ ፈረሱን በብረት፣
ማን ይፍታልኝ ዛሬ እሱ በሌለበት።

ውሸቴን አለቀሰችው። ሕዝቡም ተቀብሎ አለቀሰው። እኔ ጎማውን እያየሁ እገፋለሁ። እንዳይቆም ብቻ ነበር የማስበው። ለቀስተኛው እናቴ እግር ሥር እየወደቀ ያጽናናል፤ እኔን የት እንቀመጥ ብሎ ይጠይቀኛል። አሳየሁ። ዓይኔ ደረቅ ነው። ሰው ታዝቦኝ ይሆን?

ሚያዝያ 5

ትናንት ፋሲካ ነበር። እናቴ በላች። ጥቂት ነው፣ ግን በላች። ጥሩወርቅ ዞር ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ዛሬ ጠዋት አድነው ብላ በስሜ ጠራችኝ። ደጅ ፀሐይ ትሞቃለች። ተቀመጥ አለችኝ፣ ተቀመጥኩ።

"ጨው ነው አሉ" አለች።

ማን ነገራት? አልጠየቅኩም። ዝናቡም አለበት እማዬ፣ አልኩ። እጇን አወዛወዘች።

"ተው። እኔን ስትሸፍን አንተን የሚያይህ ሰው ጠፋ። እኔም አላየሁህም። ያንተም እኮ ወንድም ነው የሞተው፣ አድነው። እግዜር ያጽናህ።"

መልስ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ሌላ ነው። አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ ጭኗ ላይ ተደፍቼ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ደረቴን አመመኝ። ሲያመኝ ደስ አለኝ፣ እውነቱን ለመናገር። እሷ አላለቀሰችም። ጀርባዬን በመዳፏ እየመታች የወንድሜን ስም ትጠራልኝ ነበር፣ ከሕፃንነቱ ጀምራ፣ የተቆላመጠበትን ስም ሁሉ። ጽሕፈት ቤት ሳልሄድ ቀረሁ።