ለጎብኚ ብቻ ስለሚነደው የጡብ ምድጃ

ቢቸና፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አካለ ወልድ
የጡብ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ አጎትዎ ውበቴ ለጤናዎ፣ ለወንበርዎ፣ ከሁሉም በላይ ለሳንባዎ ደኅንነት ዘወትር እጸልያለሁ፤ እርስዎ በሚያስነሡት ጭስ መካከል የሚኖር ሳንባ ምን ያህል ጸሎት እንደሚያስፈልገው በጉርብትና አውቀዋለሁና። በትከሻዬ ተሸክሜ ያሳደግሁትን የእህቴን ልጅ «አንቱ» ማለቴ ሰውን ቢያስቅም፣ አንቱ የምለው ወንበሩን ነው፤ በላዩ የተቀመጠውን ልጅ እንደ ድሮው እወደዋለሁ። ይህን ደብዳቤ በማኅበሩ በር ላይ የለጠፍሁትም ስድስት ጊዜ መጥቼ ስድስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልሁ ነው። በሩ ስብሰባ አይሄድም።

ምንጩን ከብበው የቆሙትን ዘጠኝ ዋንዛዎች ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ለምድጃው ማገዶ ሊያስቆርጧቸው መወሰንዎን ሰምተናል። ስለዚህ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር፣ በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

1. በቅድሚያ ምስጋና። ምድጃ የሚነደው ሲሞላ ነው የሚለውን የአባቶቻችንን ልማድ ሽረው፣ የሚነደው ጎብኚ ሲመጣ ነው የሚለውን አዲስ ሥርዓት ስላስተማሩን እናመሰግናለን። ጭስ ያላየ ጎብኚ ሥራ የለም ብሎ ይጽፋል ብለው ስለሚሰጉ፣ ገና የመኪናቸው አቧራ ሲታይ ሩብ ባልሞላ ምድጃ እሳት ይለቀቃል። ባለፈው ጥር የተተኮሰው ጡብ የአንድ ቤት ሙሉ ግንድ በልቶ ለዶሮ ቤት እንኳ አልበቃም።

2. ጡቡ ሳይደርቅ እሳት ይገባል። የምድጃው ሠራተኛ ገብረ ኪዳን፣ ጡቡ ጥላ ሥር ሃያ ቀን ይሰንብት፣ ጭቃውም የተከተፈ ጭድ ይደባለቅበት፣ ጭዱ ከውስጥ እየነደደ ማገዶ ይቆጥባል ብሎ ቢያመለክት፣ ጭድ የኋላ ቀር ግድግዳ ነው ብለው መለሱት። እርጥብ ጡብ ሲተኮስ ግማሹ እሳት ውኃ ሲያፈላ ይውላል። ለሻይ መሆኑን ቢነግሩን ስኳሩን እኛ እናዋጣ ነበር።

3. ለሞጣው ጤና ጣቢያ ጡብ የሚያመላልሰው ነጋዴው ከሊፋ፣ ያን በጥር የተተኮሰውን ጡብ በመዳፉ ፈርፍሮ አሳየኝና «አያ ውበቴ፣ ይህ የሚገነባ ነው ወይስ የሚዘራ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ ከእርስዎ ቢሮ ስለሚጠበቅ ጥያቄውን እንዳለ አስተላልፌያለሁ።

4. አራተኛውን እየሣቅሁ መጻፍ አቃተኝ። ዋንዛዎቹ ከወደቁ ምንጩ ይደርቃል፤ የላይኛው ምንጭ ጥላው በተቆረጠ በሁለተኛው ዓመት ምን እንደሆነ አብረን አይተናል። የጡብዎ ጭቃ የሚቦካውም በዚሁ ውኃ ነው። እናትዎ ይርጋነሽ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ እንስራዋን የምትሞላው ከዚያ ብቻ ነው፤ ወንዝ ወርዳ መውጣት አትችልም። ትናንት ግንዶቹ ላይ የተቀባውን የኖራ ምልክት አይታ «እንግዲህ ልጄ ውኃውን ከቢሮ ይልክልኝ ይሆን?» አለችኝ። አዎ፣ ማኅተም ተመትቶበት ይመጣልሻል አልኋት። አልሣቀችም።

የምለምንዎ ጥቂት ነው፦ ጡቡ ይድረቅ፤ ጭዱ ይግባ፤ ምድጃው ጢም ብሎ ይሙላና ከክረምት በፊት አንድ ጊዜ በወጉ ይተኮስ፤ ዋንዛዎቹም ባሉበት ይቁሙ።

ከጭስዎ በታች፣ ከነፋሱ ፊት ለፊት የሚኖር፣ ባሳለው ቁጥር ስምዎን የሚያነሣ፣
ታዛዥ አጎትዎ ውበቴ

ግልባጭ፦ ለወይዘሮ ይርጋነሽ (ማንበብ ስለማትችል እኔ አነብላታለሁ፤ ጎረቤትም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ)

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በየካቲትና በመጋቢት ጎብኚዎቹ ቆመው ያደነቁት፣ ለእርስዎም የምስጋና ወረቀት ያሰጠዎት ያ ወፍራም ጭስ የሁለት ሸክም እርጥብ ጭድ ጭስ ነበር። ያነደድሁት ብቻዬን ነኝ፤ ገብረ ኪዳን ሁለቱንም ጊዜ ምሳ ሄዶ ነበር። ምድጃው ውስጥ አንዲት ጡብ አልነበረችም፤ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላም ከፍቶ ያየ ሰው አልተገኘም። ለሁለቱ ቀናት የተመደበው ግንድ አንድ ሳይጎድል ከጭድ ክምሬ ጀርባ ተደርድሯል፤ ለአንድ ሙሉ ምድጃ ይበቃል። ጥፋት ነው ካሉ ይክሰሱኝ፤ ችሎት ሲመጡ ግን የምስጋናውን ወረቀት ይዘው ይምጡ፤ ከእርሱ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።