የትርንጎ አፍ እንዴት እንደተከፈተ

የኔ ዓለም፣

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ትናንት ከትርንጎ ጋር ከደብረ ታቦር ተመለስን። ዛሬ ገብሱን ማጨድ ነበረብኝ፤ ማጭዱን አስቀምጬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልሁ።

ልጃችን አሥራ አንድ ዓመቷን ያዘች። አንቺ ስትሄጂ በጥርሶቿ መካከል የማንኪያ ጫፍ እንኳ አይገባም ነበር። በጎደለው ጥርሷ በኩል አጥሚት እያንጠባጠብሽ ነበር ያሳደግሻት። ከቀብርሽ በኋላ ያ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ። ስንት ትዕግሥት እንደፈጀብሽ ያወቅሁት ያኔ ነው።

"ይች ልጅ አፏ እየጠበበ ነው" ስትይኝ "ዓመል ነው፣ ተያት" ያልሁሽን አልረሳሁትም። ጎረቤቱ የሰው ዓይን ነው አለ። ጣራ ገዳም ድረስ አዝለሻት ሄደሽ አስጠመቅሻት። ጤና ጣቢያው ጥርሷ ነው ብሎ ማስታገሻ ሰጠሽ። አንቺ ግን አላመንሽም።

አምና በጥምቀት ሰሞን ሆዷን ታማ አስመለሳት። አፏ አይከፈትም፤ ትውከቱ አነቃት፣ ፊቷ ጠቆረ። በደረቷ ደፍቼ ጀርባዋን ስመታ በአፍንጫዋ ወጣላትና ተረፈች። በማግስቱ በበቅሎ ከጉና አውርጄ ደብረ ታቦር ሆስፒታል አደረስኋት።

አንዲት ወጣት ሐኪም ጣቶቿን ከትርንጎ ጆሮዎች ፊት አድርጋ "እስኪ ክፈች" አለቻት። ደጋግማ ዳሰሰች።

"አባት፣ በቀኝ በኩል ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ሕፃን ሳለች ጆሮዋን ታማ ነበር?"

ይህን የምታውቂው አንቺ ነበርሽ። ቆይቶ ግን ትዝ አለኝ፤ በሦስት ዓመቷ ከቀኝ ጆሮዋ መግል ሲፈስ ሳምንቱን ሙሉ ከጀርባሽ አላወረድሻትም። ነገርኋት። "እናቷ ቀድማ አይታው ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋት" አልሁ።

ራጅ አስነሳቻት። ሕመሙ ከጆሮዋ ወደ መንጋጋዋ መገጣጠሚያ ወርዶ፣ አጥንቱ ከራስ ቅሏ ጋር ተጣብቆ አንድ ሆኗል አለችኝ። እምብዛም የማይገጥም በሽታ ነው አለች።

ወደ ባሕር ዳር ላኩን። እዚያ ቀዶ ሐኪሙ የተጣበቀውን አጥንት ቆርጦ፣ ተመልሶ እንዳይገጥም ከጆሮዋ በላይ ካለው ሥጋ አምጥቶ መሐሉን ለየው። እኔ ደጅ ተቀምጬ የእመቤቴንም ያንቺንም ስም እያደባለቅሁ ስጠራ ዋልሁ።

ዳነች ብዬ ነበር። ሥራው ገና መጀመሩ ነበር። "በየቀኑ አፏን ካላሠራችሁት ተመልሶ ይገጥማል" አሉን። ስስ እንጨቶች ደራርቤ በጥርሶቿ መሐል እሰካለሁ፤ በቀን አምስት ጊዜ። ከእርሻ እየተመላለስሁ ነው። ታለቅሳለች። አንድ ቀን "እማዬ ብትኖር እንዲህ አታሰቃየኝም ነበር" አለችኝ። እንጨቶቹን ጥዬ ወጣሁ፤ ከበረቱ ጀርባ ቆሜ አለቀስሁ። ስመለስ እንጨቶቹን ከመሬት አንስታ አጥባ ይዛ አገኘኋት።

"በል አባየ፣ አንድ ጨምርበት" አለችኝ።

ትናንት ሐኪሟ ለካቻት። አሁን ሁለት ጣቷ ይገባል። ልምምዱን ገና ብዙ ወራት ቀጥሉ ብላናለች። መኪና ውስጥ ትርንጎ አዛጋች። ስታዛጋ አይቻት አላውቅም ነበር። እሷም ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ሳቀች።

ዓለሜ፣ አምና በሙት ዓመት ዝክርሽ ቀን ዳቦው ሲቆረስ ትርንጎ ድርሻዋን በእጇ ይዛ ሰው ሲበላ ታይ ነበር። ዘንድሮም፣ በሕይወት እስካለሁ በየዓመቱም፣ ዝክርሽ አይታጎልም። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእሷ እሰጣታለሁ። ቀስ ብላ ታላምጥ፤ እስክትውጥ ሁላችንም እንጠብቃታለን።