ድምፄን ለምንይችል ስላስተላለፉልኝ

ለተከበሩ አቶ ትዕዛዙ፣ የመሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
እንጅባራ

በቅድሚያ፣ ይህ የእንጅባራ ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካ፣ ጤናዎም እንደ ራስዎ ኮምፒውተር አንድም ቀን ሳይስተጓጎል እንዲሰነብቱልን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሽባባው ነኝ፤ በጥርባ ዙሪያ የገበሬውን አሲዳማ አፈር በኖራ ለማከም ሦስት ዓመት የተንከራተትኩት የግብርና ባለሙያ። በአደባባይ የምጽፍልዎ በአካል በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑብኝ ነው።

1. የቢሮውን ኮምፒውተሮች ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲቀይሩልን ቫይረስ እንደማይጠጋን ነግረውን ነበር፤ እውነትም ቫይረስ ቀርቶ ካሜራም ማይክሮፎንም ሳይጠጋን ከረምን። ያገርዎ የዳንግላ ልጅ የምንይችል ኮምፒውተር ብቻ በዊንዶውስ እንዲቆይ ያደረጉበትን ጥበብ ግን እስካሁን አድንቄ አልጨረስኩም።

2. ለአንዲት የሁለተኛ ዲግሪ የትምህርት ዕድል እኔና ምንይችል በኢንተርኔት ቃለ መጠይቅ እንደምንቀርብ ያውቁ ነበር። ለቃለ መጠይቁ የተጫነው ፕሮግራም በእኔ ማሽን ላይ በአንዱ ብሮውዘር ካሜራውን ብቻ፣ በሌላው ማይክሮፎኑን ብቻ እንደሚከፍት ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ባመለክት፣ አጥፍቼ እንዳበራው ሦስት ጊዜ መከሩኝ። አጥፍቼ አበራሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

3. በዕለቱ ለአንድ የጋራ ቃለ መጠይቅ ሁለታችንን በየኮምፒውተራችን ፊት ጎን ለጎን አስቀመጡን። እኔ ለፈታኞቹ ክብር ስል ጋቢዬን አውልቄ፣ ድምፄ አልሰማ ስላላቸውም እየጮኽኩ፣ ስለ ኖራው፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ሦስቱ ዓመታት ተናገርኩ። ጩኸቴን የተቀበለው ግን የምንይችል ማይክሮፎን ነበርና፣ ተናጋሪውን የምታመለክተው አረንጓዴ መስመር በእርሱ ምስል ዙሪያ በራች። እርሱ ብርዱን ፈርቶ እስከ አፍንጫው በጋቢ ተሸፍኗል፤ አፉ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ ማን ይወቅ? ሲያመሰግኑት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ሐሳቡ የሽባባው ነው ብዬ ብጮኽ ደግሞ፣ ምንይችል ለባልደረባው ክብር የሰጠ መስሏቸው ትሕትናውን ጨምረው አደነቁለት።

ቀንቻለሁ፣ አቶ ትዕዛዙ፤ አልደብቅዎትም። በዊንዶውሱ ቀንቻለሁ፣ በአረንጓዴዋ መስመር ቀንቻለሁ፣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ እያለ ትከሻውን ሲመታውም ቀንቻለሁ። ሰው በሌላው ንግግር ይቀናል፤ በገዛ ንግግሩ እንዲቀና የተደረገ ግን ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም፤ ለዚህ ክብር ስላበቁኝም ውለታዎ አለብኝ።

በሚታይ ምስልና በማይሰማ ድምፅ ዘወትር የሚያከብርዎ፣
ሽባባው

ማስታወሻ፦ ፈታኞቹ በመልሱ ስለተማረኩ፣ በዝርዝር እንዲያብራራላቸው ምንይችልን ብቻ ለሐሙስ መልሰው ጠርተውታል። ትናንት ቤቴ ድረስ መጥቶ አጠገቡ እንድቀመጥለት ለምኖኛል፤ እሺ ብዬዋለሁ። እቀመጣለሁ። አንዲት ቃል ግን አልተነፍስም።