የደረበ ክታብ አንገቴ ላይ ነበር

ሸሕዲ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት ቢሻው
አዲስ አበባ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ዓይኔም እንደነበሩ ናቸው። ይህን የምጽፍልሽ ሸሕዲ ሆስፒታል ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር ካለ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። የታመምኩት እኔ አይደለሁምና አትደንግጪ። የተኛው ደረበ ነው፤ ቅዳሜ በስልክ ስንነጋገር ስሙን ደጋግመሽ የጠራሽው፣ በአካል ግን አይተሽው የማታውቂው የላስታው አጫጅ። እስከ አሁን አልነቃም።

በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ነገር ግን ድርጅቱ በሰጠኝ ስልክ ስለ ድርጅቱ አላወራም። ድምፅሽንም ቅዳሜ እንደሰማሁት ሆኖ ሁለተኛ ልሰማው አልፈልግም። ሹፌሩ ሰጠኝ ሰሊጥ ጭኖ ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚወጣ በእጁ እልከዋለሁ። መንገዱ ካልተዘጋ የደረበ ነገር ከሚታይበት ከዓርቡ ስብሰባ በፊት ይደርስሻል። የመንገዱ ነገር ያሰጋኛል፤ ሰሞኑን መኪኖቹ አጀብ እየጠበቁ ነው የሚንቀሳቀሱት። ትናንት ሦስት ጊዜ ሄጄ «ትወጣለህ ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሦስተኛው ላይ «ጋሽ ቢሻው፣ እርስዎ ራስዎ ቢነዱት ይሻላል» አለኝ።

በትክክል መስማቴን እንድታውቂ ቅዳሜ ያልሽኝን ልድገመው። «አባየ፣ እርስዎ ዝም ይበሉ። ደረበ የአንገት መለያውን ራሱ አውልቆ ማደሪያ ሰፈር ትቶት እንደሄደ አድርጌ አስተካክለዋለሁ። የቀረውን የኔትወርክ ስህተት ነው እንላለን። ማንም አይጠይቅዎትም» አልሽኝ። መልስ ሳልሰጥሽ ስልኩን ዘጋሁት። መልሴ አይሆንም ነው።

ስብሰባው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች እርሻውን አያውቁትም። ስለዚህ ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ፤ አንቺም የምታውቂውን ደግመሽ አንብቢው።

እኔ ከኮኪት ወዲያ ባለው የድርጅቱ የሰሊጥ እርሻ ላይ ካቦ ነኝ። ሥራዬ ከአጫጆቹ መስመር ወደ መስመር እየዞሩ ማየትና ማሠራት ነው። ዘንድሮ ድርጅቱ ለእያንዳንዱ ሰው አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ጥቁር መሣሪያ አደለ። ሰውየው የት እንዳለ፣ ይንቀሳቀስ ይሁን ይቁም፣ ሱፐርቫይዘራችን አለምሰገድ ኮኪት በሚገኘው ቢሮው ተቀምጦ በስክሪን ያየዋል። የቆመ ሰው ቀይ ይሆናል። ቀይ የበዛበት በሚቀጥለው ሳምንት ለሥራ አይጠራም። እናንተ አዲስ አበባ ሆናችሁ የሠራችሁት መለያ ትሉታላችሁ። አጫጆቹ ግን በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ የሚታሰረውን ስለመሰላቸው ክታብ አሉት። «ይህ ክታብ ከቡዳ ባያድነኝም ከእንቅልፍ አድኖኛል» እያሉ ይሳሳቁበት ነበር።

አለምሰገድ ክፉ ልጅ አይደለም። የመጣ ዕለት ሁላችንንም ክብ አቁሞ ኳስ ይወረውርልን ጀመር፤ ኳሱ የደረሰው ሰው ስሙንና የሚሰማውን ስሜት ይናገር ተባለ። እኔ ጋ ሲደርስ «ቢሻው እባላለሁ፤ ፀሐዩ እየገፋ ነው» አልኩ። ሰው ሳቀ። እኔ እየቀለድኩ አልነበረም። ከዚያ «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል ቲሸርት አደለን።

አንቺ ደግሞ ለፋሲካ መጥተሽ ሳለ ስለዚሁ መሣሪያ ተጨቃጨቅን። የሠራችሁት ሰው ለመጠበቅ ብቻ እንዳልሆነ ነገርሽኝ። ሌሎቹ ሰፈር ገብተው አንድ ሰው ማሳ ውስጥ ቢቀር ይጮኻል፤ እባብ የነደፈው፣ ወባ የጣለው ሰው ሜዳ ላይ አያድርም አልሽኝ። እኔም «ሰው ጓደኛውን የሚያስታውሰው ደወል ሲደወልለት ነው?» ብዬ አፌዝኩብሽ። ምሳሽን ሳትጨርሺ ተነሣሽ።

አሁን ወደ ሐሙሱ ልመለስ። በእኛ አጨዳ ወባ የያዘችው ሰው መስመሩ አይቀርበትም። ግራና ቀኝ ያሉት ተካፍለው ያጭዱለታል፤ እሱ ጥላ ሥር ይተኛል። ይህን ሱፐርቫይዘር አላስተማረንም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ደረበ ማጭዱን ጥሎ ቁጭ አለ፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። ውባንተ የሚባለው ያገሩ ልጅ «ጋሽ ቢሻው፣ ደረበን ያዘችው» ብሎ ጠራኝ። ቁርቁራ ዛፍ ሥር አስተኛነው፤ ውሃ አስቀመጥንለት። መስመሩን ውባንተና አንድ ሌላ ልጅ ተካፈሉት። ደረበ ግን አልተኛም። እየተንቀጠቀጠ ክታቡን ጨብጦ «ጋሽ ቢሻው፣ ቀይ ሆንኩ? ይዩልኝ፣ ቀይ ሆንኩ ወይ?» ይለኛል። እንደዚያ እየነደደ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ ነው።

ከአንገቱ አወለቅሁትና ከራሴው ጋር አንገቴ ላይ አጠለቅሁት። «በቃ፣ አሁን እየሠራህ ነው፤ ተኛ» አልኩት። ዓይኑን ጨፈነ። ውባንተ ሳቀና «ጋሽ ቢሻው አንገት ላይ ከሆነማ፣ ደረበ ዛሬ ሱዳን ደርሶ ይመለሳል» አለ።

እንዳለውም ሆነ። ቀኑን ሙሉ ስዞር ደረበም አብሮኝ ዞረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሁላችንም ስልክ ጮኸ። አለምሰገድ በድርጅቱ ቴሌግራም ላይ የደረበን ፎቶ አውጥቶ «የዕለቱ ኮከብ ሠራተኛ» ብሎታል። ከአዲስ አበባ ጭብጨባው ተከታተለ። የአንቺም ነበረበት፤ ሁለት ቢጫ እጆችና «ጎበዝ ደረበ!» የሚል። ማሳው በሳቅ ተናጋ። «ተኝቶ እንዲህ የሠራ ሰው ቢነሣ እኮ ሁላችንንም ሊያስባርረን ነው!» አለ ውባንተ። እኔም ሳቅሁ። ዓርብ ይህችን ሳታልፊ አንብቢያት፤ እኔም ሳቅሁ።

ሥራ ሲያበቃ ግማሹ በትራክተሩ ተጎታች፣ ግማሹ በእግሩ ወደ ሰፈር ገባ። ውባንተ በእግሩ ነበርና ደረበ በተጎታቹ የሄደ መሰለው። በተጎታቹ የሄዱት ከእግረኞቹ ጋር ያለ መሰላቸው። እኔ ምን እንደመሰለኝ ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩ። ምንም አልመሰለኝም። ሁለት ክታብ አንገቴ ላይ እንዳለ እራቴን በልቼ ተኛሁ። አለምሰገድ ስክሪኑን ቢያይ ሁሉም ሰው ገብቷል። መሣሪያው አልጮኸም። ምን ብሎ ይጮኻል? ደረበ ከእኔ ጋር ነበር።

ንጋት ላይ ሸሚዜን ስለብስ ሁለቱ እርስ በእርሳቸው ሲጋጩ ሰማኋቸው።

ቁርቁራው ሥር ውሃው ሳይነካ ተቀምጧል፤ እሱ የለም። ትኩሳቱ አስነሥቶ አስኪዶታል። ስሙን እየጠራን ማሳውን አካለልነው። ውሃ የሚያመላልሰው ባለ ትራክተር ደረቁ ወንዝ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘው። ይተነፍስ ነበር።

እዚያው ወንዙ ዳር፣ ተጠርቶ ለመጣው ለአለምሰገድ ነገርኩት። «ከአንገቱ ያወለቅሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው» ብዬ ዘረጋሁለት። ፊቱ ዐመድ መሰለ። ግራ ቀኝ አየና «ጋሽ ቢሻው፣ እርስዎ ይህን አልተናገሩም፤ እኔም አልሰማሁም» አለኝ።

«ጆሮህን አሞሃል?»

«እባክዎ! ኮከብ ብዬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እፀገነትም አጨብጭባለች። እርስዎንም ያባርሩዎታል። ሲስተሙ ውስጥ መግባት የምትችለው እሷ ናት፤ ታስተካክለዋለች። ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ለእሱስ?» አልኩት፤ ደረበን ተጎታቹ ላይ እየጫኑት ነበር። ራቅ ብሎ ሄዶ ደወለልሽ። አንቺም በማግስቱ ደወልሽልኝ።

ሰፈሩ በር ላይ ደንብ ለጥፋችኋል። መለያውን በራሱ ፈቃድ ያወለቀ ሠራተኛ ለሚደርስበት ነገር ድርጅቱ ኃላፊነት የለበትም ይላል። እዚህ ያሉት ሐኪሞች የሚቻላቸውን ሁሉ እያደረጉ ነው። ወባው ወደ ጭንቅላቱ ወጥቷል፣ ኩላሊቱም ደክሟል። አሁን መኪና ላይ ቢጫን መንገድ ላይ ይሞታል፤ ትንሽ ከጠናለት ግን ጎንደር ገብቶ ረጅም ጊዜ መታከም አለበት ብለዋል። እኔ ያለኝን ሁሉ ብሸጥ ለዚያ አይበቃም። ድርጅቱ ደግሞ ዓርብ ሳይነጋገርበት ቃል አልሰጥም ብሏል። «ራሱ አወለቀ» ብለሽ ካስተካከልሽው ደረበ ከደንቡ ውጭ ሆነ። ካቦው አወለቀበት ከተባለ ግን ካቦ የድርጅቱ ሰው ነውና ድርጅቱ ያሳክመዋል፤ የሚጠየቀው ካቦው ነው። አንቺና አለምሰገድ ለእኔ አዝናችሁ የምትሰጡኝ ነገር ከዚህ አልጋ ላይ የሚወሰድ ነው። ቤተሰብ ማለት ይህ ከሆነ ቲሸርቴን ተረከቡኝ።

ፊደል ያስቆጠርኩሽ እኔ ነኝ። እኔን ማንም አላስቆጠረኝም፤ ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው የለቀምኩት። ስትሳሳቺ ላጲስ አልሰጥሽም ነበር። የተሳሳተው እንዳለ ይቀመጥና ከሥሩ ደግመሽ ትጽፊው ነበር። ታለቅሺ ነበር፤ እናትሽም ትቆጣኝ ነበር። ዛሬም ላጲስ የለም።

እንግዲህ ቃሌ ይኸውና። የደረበን መለያ ከአንገቱ ያወለቅሁት እኔ ቢሻው ታንጉ ነኝ። እሱ አውልቅልኝ አላለኝም። አለምሰገድም እፀገነትም በዚያን ዕለት አያውቁም ነበር። መስመሩን ተካፍለን ማጨዳችን ግን ጥፋት አይደለም፤ ነገም ሰው ቢታመም እናጭድለታለን። ድርጅቱ የሚያርመው ነገር ከፈለገ ያንን ቀይ ያንሣ። የታመመ ሰው ጥላ ሥር ሲተኛ ቀለሙን አይጠይቅ።

ቢሻው ታንጉ፣ ካቦ

እዚህ ላይ መስመር አስምሬያለሁ። ከመስመሩ በላይ ያለውን አንብቢላቸው። ከታች ያለውን ቀደሽ ለራስሽ አስቀሪው።

ቅዳሜ ድምፅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምግብ ትበያለሽ ወይ? እዚያ ቢሮ ውስጥ አጠገብሽ የሚቀመጠው ማን ነው? ዓርብ ካነበብሽላቸው በኋላ አንድ ሰው እንኳ የሚያናግርሽ ይኖራል? እነዚህን ነገሮች ከዚህ በፊት ጠይቄሽ እንደማላውቅ እዚህ አግዳሚ ላይ ነው ያስተዋልኩት። ቢያባርሩሽ ቤቱ አለ። እኔን ቢያባርሩኝም ቤቱ አለ። አጥሩን አጠናክሬዋለሁ።

ደረበ እዚህ ዘመድ የለውም። ውባንተና እኔ እየተቀያየርን እናስታምመዋለን። እናቱ እንድትሰማ ሰው ልከናል፤ መድረሱን ግን አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ጣቱን ያንቀሳቀሰ መስሎኝ ነርሷን ጠራኋት። ለካ አልጋውን በጉልበቴ ያነቃነቅሁት እኔው ነኝ። ነርሷ ደግ ናት፤ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት አለምሰገድ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀው መጣ። ማን እንደሚበላው እንጃ። ሲወጣ ተከትዬው ወጣሁና «ያ መሣሪያ ሲጮኽ እንዴት አድርጎ ነው የሚጮኸው? አሰማኝ» አልኩት።

«አሁን? ለምን ፈለጉት?»

«አሰማኝ።»

ከበሩ ውጭ ራቅ አድርጎ ወሰደኝና በስልኩ ከፈተልኝ። የሆስፒታሉ ዘበኛ ምን መጣ ብሎ እየሮጠ ወጣ። አለምሰገድ ደንግጦ ዘጋው። «ሰፈር ውስጥ ካለው ድምፅ ማጉያ ሲወጣ ከዚህም ይብሳል» አለኝ። ድገመው አልኩት። ደገመልኝ። የእኔ እንቅልፍ ከባድ መሆኑን ታውቂያለሽ። ይቀሰቅሰኝ ነበር።

ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ በሁለት ቅጂ ነበር የጻፍኩት። አንዱን ሰጠኝ ለአንቺ፣ ሁለተኛውን በእጁ ለሥራ አስኪያጅሽ እንዲያደርስልኝ ነበር ሐሳቤ፤ ምናልባት ባታነቢው ብዬ። ሁለቱንም አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ሳስበው ዋልኩ። ከዚያ ሁለተኛውን ቀደድኩት። ሰጠኝ የያዘው ብቻ ነው ያለው። ብታቃጥዪውም የሚያውቅብሽ የለም።

ፈጣሪ በሰው ፊት ስትቆሚ ድምፅሽን ያጽናልሽ። ያሳደገሽ እጅ የከበደብሽን ያህል የእሱ ይቅለልሽ። የጎንደሩን መንገድ ለሰጠኝም ለደረበም ክፍት ያድርግልን።

አባትሽ
ቢሻው